ሰዓቱን የገደለው የሞላው ሰው አይደለም

«አብዝተህ ሞልተኸው ነው!»

በእጅ የሚሞላ ሰዓት በቆመ ቁጥር የሚሰጠው ፍርድ ይኸው ነው። ምስክር አይሰማም፤ ማስረጃ አይቀርብም፤ ይግባኝ የለም። የሰዓቱ ክዳን ከተከፈተ ዓመታት አልፈዋል። ዘይቱ ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኗል። የአሶሳ የበጋ አቧራ በመስታወቱ ጠርዝ ሾልኮ ገብቶ ከጥርሶቹ መሀል ተጋግሯል። ይህ ሁሉ ሲሆን ዝም ያለ ቤተሰብ፣ ሰዓቱ አንድ ቀን ቀጥ ሲል ጣቱን የሚቀስረው በየማለዳው እየሞላ ነፍስ ሲዘራበት በኖረው ሰው ላይ ነው። ያልነካው ንጹሕ፣ የነካው ወንጀለኛ!

ብዕር ያነሳሁት ይህን ፍርድ ለመቃወም ነው። «ነገሩ ከሰዓት ያልፋል» የሚል አንባቢ ቢኖር አልከራከረውም። እኔ ግን ከሰዓቱ ጋር እቆያለሁ።

ለመሆኑ «አብዝቶ መሙላት» የሚባል ነገር አለ ወይ? ይህን ለማስረዳት የእኛ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሰው ከማንም የቀረበ ምሳሌ አለው። ከ2012 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ «ሙሌት» የሚለውን ቃል ያልሰማ ጆሮ በአገሩ የለም። አንደኛው ሙሌት፣ ሁለተኛው ሙሌት እየተባለ በጉባ ወረዳ የዓባይ ውሃ ከግድቡ ጀርባ ተጠራቀመ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ። ውሃው ተከማችቶ ይጠብቃል፤ ከዚያ በልክ በልክ እየተለቀቀ ተርባይን ያዞራል። በእጅ የሚሞላ ሰዓት ሆድ ዕቃም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ክብ በሆነች ትንሽ የናስ ቤት ውስጥ የተጠቀለለች ስስ የብረት ጥብጣብ አለች፤ ባለሙያዎቻችን ከጣሊያን በተወረሰው ቃል «ሞላ» ይሏታል። (አጋጣሚው ደስ ይላል፤ የጣሊያኑ ሞላ ጥቅልል ብረት ነው፣ የእኛው ሞላ ደግሞ ሞላ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይነጋገሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተገናኙ።) ጠዋት መሙያውን በሁለት ጣት ይዘን ስናዞር ሞላዋ እየጠበቀች ትጠቀለላለች፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ለመፈታት ትታገላለች። በአንድ ጊዜ እንድትፈታ ግን አይፈቀድላትም። ከጥርሶቹ ሰልፍ መጨረሻ ላይ፣ ከጸጉር ባልወፈረች ሌላ ሞላ ተይዛ ወዲያ ወዲህ የምትወዛወዝ መንኮራኩር አለች። ይህቺ በር ጠባቂ ኃይሉን ጥቂት በጥቂት ብቻ ታሳልፈዋለች። ቀጭ ቀጭ የሚለውም በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው። በአብዛኞቹ የድሮ ሰዓቶች ይህ በሴኮንድ 5 ጊዜ፣ በአንድ ሰዓት 18,000 ጊዜ፣ በአንድ ቀን ከሌሊቱ ጋር 432,000 ጊዜ ይሆናል።

ሞላዋ ጢም ብላ ስትሞላ ምን ይመጣል? መሙያው እምቢ ይላል። ይኸው ነው። «በቃኝ» ማለቱ ነውና እዚያ ላይ በጉጠት ካልታገሉት በቀር የሚደርስ ጉዳት የለም። ሞልታ የቆመች ሞላ ለሥራ የተዘጋጀች ሞላ ናት። እሷ ሙሉ ሆና ሰዓቱ ካልሄደ ያቆመው ሌላ ነገር ነው። ግድቡ ሞልቶ ተርባይኑ ባይዞር «ውሃው በዝቶበት ነው» ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ መሐንዲስ አለ? ተርባይኑን ይፈትሻል እንጂ!

የአውቶማቲክ ሰዓት ባለቤቶች «የእኔ እኮ እምቢ አይልም» ይሉ ይሆናል። የእነሱ ሞላ ሲሞላ በቤቷ ግድግዳ ላይ እንድትንሸራተት ተደርጋ ነው የተሠራችው፤ ትርፉ እንደ ግድብ ማፍሰሻ ያልፋል። እንዲያውም ከድሮዎቹ ሲኮ 5 ሰዓቶች ብዙዎቹ መሙያቸው ጨርሶ አይሞላም፤ ክንድ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚሞሉት። የሁለቱን ጠባይ ማደባለቅ ነው ብዙ ሰው ያሳሳተው።

የጥንት የብረት ሞላዎች ይሰበሩ እንደነበር አልክድም። ዝገት ያገኛቸው፣ ያረጁ ብረቶች ነበሩ። በኋላ በነሱ ቦታ የተተኩት የማይዝጉ ቅይጥ ሞላዎች ግን እንዲህ በቀላሉ አይሰበሩም። ቢሰበርም እንኳ ከሳሹ ሊፈትነው ይችላል፤ ሞላው የተሰበረ እንደሆነ መሙያው ብዙውን ጊዜ እምቢ ሳይል በከንቱ ይዞራል። መሙያው ጠብቆ የሚቆምና ሰዓቱ የማይሄድ ከሆነ ግን ጥፋቱ የደረቀ ዘይት ነው፣ አቧራ ነው፣ ዝገት ነው። ይህን ለማወቅ ሁለት ጣት ይበቃል። ሁለት ጣቱን ለመፈተኛ ያላዋሰ ሰው አንዱን ጣት ለመክሰሻ ሲቀስር ማየት ነው የሚያበሽቀው።

አሶሳ ውስጥ አንድ የማውቀው ቤት አለ፤ ስም አልጠራም። አባትየው ዕድሜያቸውን በመምህርነት የጨረሱ ሰው ነበሩ። በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት ተምሮ ከተመለሰ ወዳጃቸው የገዙት ራኬታ ሰዓት ነበራቸው። አልጋ ሲይዙ ጣታቸው መሙያውን ማዞር ተሳነው፤ ሥራውን የተረከበችው የመጨረሻዋ ልጃቸው ናት። ጠዋት ጠዋት ሰዓቱን ከትራስጌያቸው አንስታ፣ ሞልታ፣ ጆሯቸው ላይ ታስጠጋላቸዋለች። «ይሄዳል?» ይላሉ። «ይሄዳል፣ አባባ» ትላለች። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ሰውየው ባረፉ በአርባቸው ገደማ ሰዓቱ ቆመ። ወንድሞቿ (ከመካከላቸው ያንን ሰዓት አንድ ቀን እንኳ የሞላ የለም) «አንቺ ነሽ የገደልሽው፤ በየቀኑ ስትጠመዝዢው!» አሏት። ውርስ ሲነሳም «ያበላሸችው እሷ ስለሆነች ሰዓቱ አይገባትም» ተባለ። ልጅቷም አመነች። እኔን ያንገበገበኝ ክሱ አይደለም፤ ማመኗ ነው።

ሰዓቱ በኋላ ወደ ባለሙያ ሄደ። ክዳኑ ሲከፈት ሞላው ሙሉ ነበር። ጥርሶቹ የሚዞሩባቸው ጉድጓዶች ደርቀው ጠቁረዋል። ደግሞም ሰዓት አዳሾች የቆየ ልማድ አላቸው፤ ሰዓት ባደሱ ቁጥር በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ዓመቱን በመርፌ ጫፍ ይጭራሉ። የዚያ ሰዓት የመጨረሻው ጭረት 1988 ይላል። ልጅቷ ያኔ አልተወለደችም። እንግዲህ ከመወለዷ በፊት በተጀመረ ቸልታ ተከሳ፣ ተፈርዶባት፣ ከውርስ ተነቅላ ነበር ማለት ነው። ሰዓቱ ታጥቦና ዘይት ተቀብቶ ዛሬ ይሄዳል። ወንድሞቿ ግን እስካሁን «ይቅርታ» የምትል ቃል አልወጣቸውም፤ «ዕድለኛ ነሽ፣ ተረፈልሽ» ነው ያሏት።

ከዚህ ሁሉ ጣጣ ስልክ አይሻልም ወይ? የወጣቱ ክርክር ይህ ነው፤ ተራ ክርክር አይደለምና መልስ ይገባዋል። ስልክ ሰዓት ይናገራል፤ እውነት ነው። ሰዓት ለመናገር ግን መብራት ይለምናል። ታላቁ ግድብ ባረፈበት ክልል ውስጥ ዛሬም መስመር ያልደረሳቸው ቀበሌዎች አሉ፤ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ገንዘብ ከፍሎ ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ። በእጅ የሚሞላ ሰዓት የሚለምነው አውራ ጣትና ሌባ ጣት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ከሞሉት 36 ወይም 40 ሰዓት ያህል ይሄዳል። «ኋላ ቀር ዕቃ ነው» ለሚሉም አንድ ነገር ላስታውስ፦ እ.ኤ.አ. በ1961 ዩሪ ጋጋሪን ወደ ጠፈር ሲወጣ፣ በ1969 ደግሞ በዝ አልድሪን በጨረቃ ላይ ሲራመድ በክንዳቸው ላይ የነበረው በእጅ የሚሞላ ሰዓት ነው። የመጀመሪያው የባትሪ ኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ የቀረበው ከጨረቃው ጉዞ በኋላ፣ በዚያው በ1969 ታኅሣሥ፣ ከጃፓኑ ሴይኮ ነው።

ሁለተኛው ክርክራቸው «ይስታል» የሚል ነው። ጥሩ ይዞታ ላይ ያለ የድሮ ሰዓት በቀን 20 ሴኮንድ ያህል ቢቀድም ወይም ቢዘገይ አይገርምም። አንድ ቀን 86,400 ሴኮንድ አለው፤ 20ው ከዚህ ውስጥ ከ4,320 አንድ እጅ ነው። የትኛው ሠራተኛ ነው፣ የትኛው ቀጠሮ አክባሪ ነው በዚህ ልክ የታመነው? ደግሞ «ትክክለኛ ሰዓት» ሲሉ የማንን ሰዓት ነው? የአገራችን ሰዓት የተቀመረው በ45ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ ያ መስመር ከእኛ እጅግ ርቆ በሶማሌ ክልል ምሥራቃዊ ክፍል ያልፋል። አሶሳ ያለችው 34 ዲግሪ ተኩል ላይ ነው። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት ቀትር 6 ሰዓት ሲባል በአሶሳ ፀሐይ አናት ላይ ለመድረስ በአማካይ 42 ደቂቃ ያህል ይቀራታል። ቀናችንን ከንጋት የምንቆጥር ሕዝብ ነን እንላለን፤ ነገር ግን በአሶሳ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ አንድም ቀን በ12 ሰዓት አትወጣም። ግንቦት ላይ ስትቸኩል 12 ከ20 ገደማ ነው፤ ጥር ላይ 1 ሰዓትን አሳልፋ ትመጣለች። ከአዲስ አበባ እንኳ በ17 ደቂቃ ያህል ትዘገይብናለች። በረመዳን የሚጾም የአሶሳ ሰው ይህን አሳምሮ ስለሚያውቅ በአዲስ አበባ አዛን አያፈጥርም። የአገር ስምምነት ያመጣውን 42 ደቂቃ በጸጋ ተቀብለን ስንኖር ለ20 ሴኮንድ የአባታችንን ሰዓት «ውሸታም» እንላለን! በሳምንት አንድ ጊዜ በሬዲዮ የዜና ሰዓት አስተካክሎ መቀጠል ያቃተው ማን ነው?

ወደ ሰዓት አዳሾች ልለፍ፤ እነሱንም አላልፋቸውም። ከገበያው ዳር በረንዳ ላይ፣ በመስታወት ሣጥን ጀርባ፣ ማጉያ በአንድ ዓይናቸው ላይ ሰክተው የሚውሉ ሰዎች ዕውቀታቸው የሚደነቅ ነው፤ ከነሱ መካከል ግን ሰዓት የሚያበላሹም አሉ። ማሽኑን ሳይፈቱ እንዳለ ቤንዚን ውስጥ ነክረው፣ እፍ ብለው፣ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርገው የሚመልሱ ናቸው። ሰዓቱ ለሁለት ወር ይሄዳል። ቆሻሻው ከጥርሱ ተነሥቶ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል፤ ዘይቱ ደግሞ ወደማይፈለግበት ሄዶ አቧራ ይጠራል። የሰዓት ዘይት በመርፌ ጫፍ የሚለካ ነገር ነው፤ የበዛው ከጎደለው አይተናነስም። (ልብ በሉ፤ አብዝቶ መሙላት የለም፣ አብዝቶ መቀባት ግን አለ። በዚህ ግን ማንም ሲከሰስ ሰምቼ አላውቅም።) ታዲያ አዳሹን ብቻ ልወቅስ? ደንበኛው ከፊቱ ቆሞ «ቶሎ በልልኝ፣ መኪናው ይሄድብኛል» ይለዋል። ሥራው ግን ማሽኑን ፈትቶ፣ እያንዳንዷን ጥርስ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ገጥሞ፣ ቀብቶ፣ ከዚያ ጥቂት ቀን አሳድሮ መፈተን ይጠይቃል። ለጫማ ማስጠረጊያ የሚከፈለውን ያህል ከፍሎ ይህን የሚጠብቅ ሰው ቤንዚኑን ራሱ አዝዟል።

አንድ ወሬ ደግሞ አለ፤ ወርቅ በሚታጠብበት አገር መወራቱ አይደንቅም። ፊቱ ላይ «17 ጁውልስ» የሚል ሰዓት «ውስጡ 17 ዕንቁ አለበት» ተብሎ የሚፈታ አለ። አለበት፤ ሐሰት አይደለም። ዕንቁዎቹ ግን ፋብሪካ ውስጥ የተሠሩ የሩቢ ደንጊያዎች ናቸው። የተቀመጡትም የመንኮራኩሮቹ ጫፍ ሲዞር እንዳይበላ ነው። አውጥተው ቢሸጧቸው የአንድ ሲኒ ቡና ዋጋ አያወጡም፤ ባሉበት ቢተዋቸው ሰዓቱን ለልጅ ልጅ ያደርሱታል። ወርቅ ቅብ ሰዓት ያለው ደግሞ ባዜቃ ያለበት የወርቅ ሥራ ላይ አስሮት አይሂድ፤ ባዜቃ ወርቁን አጣብቆ ነጭ ያደርገዋል፣ ሰውነትንም ይመርዛል።

እስቲ ይህ ሁሉ «ጣጣ» የተባለው እንክብካቤ ምን ያህል ነው? ጠዋት ፊት ሲታጠቡ ሰዓቱን ከክንድ አውጥቶ መሙላት ነው። አውጥቶ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ታስሮ ሳለ ሲሞሉት ጣት መሙያውን ወደ ጎን እየገፋ ቀጭኗን ዘንግ ያጣምማታል። እንደ ሰዓቱ ዓይነት ከ20 እስከ 40 ጊዜ ማዞር ይሆናል፤ እምቢ ሲል መተው። ጠዋት የተመረጠው ሰዓቱ ከሰው ጋር በሚወጣበት፣ በሚናወጥበት ጊዜ ሞላው ሙሉ ኃይሉ ላይ እንዲሆን ነው፤ ሊያልቅ ሲል ኃይሉ ይደክምና አካሄዱ ይዛባል። ሌሊት ከስልክ ጎን አያሳድሩት። በስልኩ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ማግኔት አለ፤ በቦርሳዎች መቆለፊያም ላይ አለ። ያቺ ጸጉር የመሰለች ሞላ ማግኔት ከያዛት ቀለበቶቿ ይጣበቁና ሰዓቱ በቀን ብዙ ደቂቃ እየቀደመ ይሮጣል፤ ያኔም «አበደ» ተብሎ ይጣላል፤ ማግኔቱን ማውጣት ግን መሣሪያው ላለው ባለሙያ የደቂቃ ሥራ ነው።

የእኛ አገር አየር ደግሞ የራሱ ዐመል አለው። ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ በጋው ደረቅና አቧራማ ነው። በክረምት በመስታወቱ ውስጥ ጉም ካዩ ሰዓቱ ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው። ያኔ ከሰል ምድጃ ዳር ማስቀመጥ ወይም ሩዝ ውስጥ መቅበር መፍትሔ አይደለም፤ ሙቀቱ ዘይቱን ያደርቀዋል፣ ሩዙ ደግሞ በተዘጋ ክዳን ውስጥ ገብቶ ምንም አይጠጣም። ዕለቱን ወስዶ ማስከፈት ነው፤ ብረት ለመዛግ ብዙ ቀን አይጠብቅም። የቆዳ ማሰሪያ ላብ ሲጠጣ ይበሰብሳልና በጊዜው ይለወጥ፤ ስንት ሰዓት ነው ማሰሪያው በጥሶ ወድቆ የተሰባበረው! ከዚያ ውጭ በየ4 ወይም 5 ዓመቱ አንድ እጥበት። ጠቅላላው ይኸው ነው። ለአንዲት ፍየል የሚደረገው እንክብካቤ ከዚህ ይበልጣል።

በ2010 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ አንድ የእጅ ሰዓት ለጨረታ ሊቀርብ ሲል ጉድ ተባለ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ፣ ፓቴክ ፊሊፕ የሠራው የወርቅ ሰዓት ነው። ባለቤትነቱ አከራክሮ አጫራቹ ክሪስቲስ ከሽያጭ አወጣው። ያኔ ቁጭቱ ትልቅ ነበር፤ ተገቢም ነው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ያም ሰዓት እንደ መምህሩ ራኬታ በእጅ የሚሞላ ነበር፤ አሠራራቸው ከአንድ ቤት የተወለደ ነው። ለንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት «ቅርሳችን!» ብሎ የጮኸ ሰው፣ የገዛ አባቱን ሰዓት ከቆመ ምላጭና ከባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ጋር መሳቢያ ውስጥ ጥሎታል። አንዳንዱ ደግሞ ከመሳቢያ አውጥቶ የቆመውን ሰዓት እንደ አምባር ያስረዋል። ሰዓት ስንት ነው ሲባል ከኪሱ ስልክ ያወጣል! ለሠርግ ፎቶግራፍ የታሰረ ሰዓት 10 ከ10 ላይ ቆሞ አይቻለሁ፤ ሠርጉ የተጀመረው 7 ሰዓት ላይ ነበር።

ለከሳሾች የምጠይቀው ቀላል ነው። መሳቢያችሁን ክፈቱ። የቆመውን ሰዓት አንሡና መሙያውን በሁለት ጣት፣ ያለ ጉልበት፣ አዙሩት። በከንቱ ከዞረ ሞላው ሳይሰበር አልቀረም፤ ተረቱ። ጠብቆ ከቆመ ግን ወደ ባለሙያ ውሰዱት። ክዳኑ ሲከፈት አጠገቡ ቁሙ፤ ማጉያውን ተዋሱና ከውስጥ የተጫረውን የመጨረሻውን ዓመተ ምሕረት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። ያቺ ሲሞላ የኖረች እኅታችሁም እዚያው ትቁም፣ ትስማ።